ባለቤቴ የተሸከመው ውሃ

ባለቤቴ በተቀበረ ማግስት ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተመካክሮ የመጣ ይመስል ነበር። የሚገባው ሁሉ እጄን ይዞ፣ «ሲፈጥረው ገር አድርጎ የፈጠረው ሰው ነበር» ይለኛል። «ቁጣ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት!» ይላል ሌላው። አንዷ ጎረቤቴማ አጠገቤ ተቀምጣ እያለቀሰች፣ «እሱ እኮ ከእናቱ ማሕፀን ተባርኮ ነው የወጣው» አለች። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ሐዘንተኛ ዝም ሲል ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ያገባሁት ሰው ቁጡ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር በደንብ የሚያስታውስ ሰው ብዙ አልቀረም። የዚያን ጊዜ ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ሞተዋል፤ ግማሾቹ ከናዝሬት ወጥተዋል። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ባለቤቴን የሚያውቁት ከሸበተ በኋላ ነው። ስለዚህ አልፈረድኩባቸውም። ዝም ብዬ ልተወውም አስቤ ነበር።

ያልተውኩት በልጄ ምክንያት ነው። የሰልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሲፈርስ ልጄ ገመድ ሲፈታ ቆየና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ያመላልሳል። ሚስቱ ሁለቱን ልጆች ይዛ ሁሩታ ወላጆቿ ቤት ከገባች ቆይታለች። ለቀብሩ መጥታ አልቅሳ ተመልሳለች። የሄደችው በቁጣው ነው። እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ ግን ሲጮህ ልጆቹ አልጋ ሥር ይገባሉ። ሽማግሌዎች ከአርባው በኋላ ሁሩታ ሄደው ሊያስታርቁ ተነጋግረው ነበር።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹን አትሂዱ በያቸው» አለኝ።

«ለምን?»

«ልልቀቃት። ሰዉ ስለ አባዬ የሚለውን ሰማሽ አይደል? ለእሱ እግዚአብሔር ሲፈጥረው ሰጠው። ለእኔ አልሰጠኝም። ያልተሰጠው ሰው ከየት ያመጣዋል? ሞክሬ አይቼዋለሁ፤ እኔ የምሻሻል ሰው አይደለሁም። ይልቅ እሷ ትረፍ።»

ይህን ሲናገር አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስለተሰበረ መኪና የሚያወራ ይመስል ነበር፤ ዕቃው የለም፣ አይጠገንም እንደሚባለው። አፌን ከፍቼ ልነግረው ስል ሰዎች መጡ። እሱም በዚያው ሥራው ሄደ። ያን ዕለት ያልነገርኩትን ዛሬ እጽፈዋለሁ፤ በእርጅና እጄ ቢዘገይም ከመጀመሪያው ልጀምር።

የተጋባነው ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። እሱ ወደ አሰብ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ውስጥ መካኒክ ነበር። ያ መንገድ ቀንም ሌትም ተሳቢ የሚጎትቱ መኪናዎች ይጎርፉበታል። ከእነሱ አቧራ የተረፈውን ደግሞ የናዝሬት ነፋስ ይጨምርበታል። ባለቤቴ ከዚያ አቧራ ውስጥ እየተቃጠለ ይመጣል። ምሳ ከዘገየ ሳህኑ ግድግዳ ላይ ነው። ለፋሲካ ቤታችንን ኖራ ስንቀባ እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከገበታው በላይ ካለው የሽሮ ዱካ ነበር። ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ይወረውራል፤ ከሾፌር ጋር አንገት ለአንገት ይያያዛል፤ መንገድ የዘጋበትን ባለጋሪ ከነፈረሱ ይሰድባል። ሲበርድለት ደግሞ ጓሮ ሄዶ ያለቅሳል። ዓይኑ ቀልቶ ሲገባ ማልቀሱን እንዳላወቅኩ እሆናለሁ።

ሃይማኖተኛ አልነበረም እንዳትሉኝ። ጾም አይሽርም፤ ቅዳሴ አያስታጉልም። ሆዱ ይጾም ነበር፤ አፉ ነው እንጂ በሁዳዴም የማይጾም።

አንድ ቀን፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው፣ የጠገነውን የጭነት መኪና ሊሞክር ከጋራዡ ሲወጣ በሩ ላይ ጉልት የሚቸረችሩ አንዲት አሮጊት መንገዱን ዘግተውበት አገኘ። አርሲ የተወለዱ ኦሮሞ ናቸው፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ፤ ከእኛ ቤት ሦስተኛው ደጅ የእሳቸው ነው። «ቆይ ልጄ፣ ላንሳው» እያሉ ጎንበስ ሲሉ መታገሥ አቃተው። ወርዶ መደባቸውን በእግሩ ጠለዘው። ሽንኩርቱ አስፋልት ላይ ተንከባለለ፤ የመጣ ተሳቢ ዳመጠው። አሮጊቷ አልጮሁም። የተረፈውን በነጠላቸው እየለቀሙ በኦሮምኛ እግዚአብሔርን ይጠሩ ነበር አሉ።

ያን ዕለት ምሳ አልበላም። የነፍስ አባታችን ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ጃንጥላ የማይለያቸው ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። እኔ በሩ አጠገብ ምስር እለቅማለሁ።

«አባቴ፣ በድያለሁ። ስግደት ይጨምሩብኝ» አላቸው።

«እስካሁን ስንት ጨመርኩብህ? አንተ ጉልበታም ነህ። ስግደት ላንተ እስፖርት ሆኗል። ወገብህ ጠነከረ፤ ምላስህ ግን አንድም ቀን አልሰገደም።»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ምስሩ አቀረቀርኩ።

«እዚህ ቤት ውሃ የሚቀዳው ማነው?» አሉ።

«ከቦኖ ነው። እሷ ናት የምትቀዳው።»

«ከዛሬ ጀምሮ አንተም ትቀዳለህ። ሰው ላይ በተቆጣህ ቁጥር አንድ ጀሪካን ውሃ በገዛ ትከሻህ ተሸክመህ እስከዚያ ሰው ደጅ ታደርሳለህ። ፀሐይ ሳትጠልቅ። በጋሪ የለም። ሰው መላክ የለም። ስትደርስ ‹በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ ውሃ አምጥቻለሁ› ትላለህ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል የለችም። ‹አንተም እኮ እንዲህ ብለኸኝ ነው› የለም። ቁጣ የሚደበቀው ምክንያት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱን ከከለከልከው ማደሪያ ያጣል።»

«አባቴ! ወንድ ልጅ ቦኖ ተሰልፎ? ሰው ምን ይለኛል?»

ቄሱ ጃንጥላቸውን አነሡ። «ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ውሃውን ማን የቀዳለት ይመስልሃል? ራሱ ነው በኩስኩስቱ የጨመረው። አንተ ከእሱ ትበልጣለህ?» ብለው ወጡ።

የመጀመሪያው ጀሪካን የሽንኩርት ሻጯ ነበር። ባለቤቴ ከጋራዥ አሮጌ የብረት ጀሪካን አምጥቶ በአመድ ቢያሽም ቢያጥብም የናፍጣው ሽታ አልለቀቀም። አሮጊቷ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት።

«ይሄ ምንድነው? ልጠጣው ወይስ ኩራዝ ላብራበት?» አሉት።

እኔ ከሩቅ ሆኜ ጆሮው ሲቀላ አያለሁ። እሳቸውም አዩ፤ የቄሱን ትእዛዝ ከእኔ ሰምተው ነበር። «ተቆጣህ መሰለኝ ልጄ። እንግዲያው ሌላ ጨምርልኛ!» አሉት። ጀሪካኑን አንሥቶ ሄደ፣ ሌላ ተዋሰ፣ ተመልሶ ተሰለፈ።

የቦኖው ሰልፍ ደግሞ የራሱ ፈተና ነበረው። በዚያ ዘመን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሰፈሩ ሁሉ በባልዲና በእንስራ ይሰለፋል፤ ወንድ የሚባል ከባለጋሪዎቹ በቀር አይታይበትም። ሴቶቹ ሲያዩት፣ «ምነው፣ ሚስትህ ወለደች እንዴ?» አለች አንዷ። «አይ፣ እሱ አልገባሽም፤ የሴቶች እኩልነት እኛ ቤት ሳይደርስ እነሱ ቤት ቀድሞ ገባ» አለች ሌላዋ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ተቆጣና ሁሉንም ሰደባቸው፤ የቦኖ ጠባቂዋንም ጨምሮ። በዚያ ሳምንት ከቦኖ ጠባቂዋ ውሃ ቀድቶ ለቦኖ ጠባቂዋ ቤት ሲያደርስ፣ «ከእኔው ቀድተህ ለእኔው? መንግሥት ሆንክ እንዴ?» አለችው። ይህ ቀልድ ያን ጊዜ በዝግታ የሚነገር ቀልድ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ አለፈ። ጠዋት ሄዶ ከሰዓት የሚደግምበት ቀን ነበር። ትከሻው ላይ ቆዳው ተላጠ። እኔ ደግሞ ሳህን በተወረወረ ቁጥር የቤቴ በርሜል ስለሚሞላ ከቦኖ አረፍኩ። ቄሱን፣ «ይህ ነገር የሚለውጠው አልመሰለኝም» ብላቸው፣ «አንቺ ፊደል ስታስተምሪ በመጀመሪያው ቀን የሚያነብ ተማሪ አለሽ?» አሉኝ።

ለውጡን በትክክል መቼ እንዳየሁት መናገር አልችልም። አንድ ቀን ግን አንድ ባለጋሪ ሰድቦ ውሃ ይዞለት ሄደና ዘግይቶ ተመለሰ። «ሰውየው ከፈረሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚኖረው» አለኝ። «ልጁ ታማበት መሬት ላይ ተኝታለች። ጠዋት መንገድ የዘጋብኝ ለእሷ መድኃኒት ሊገዛ ቆሞ ነው። እኔ ከነፈረሱ ሰደብኩት።» ከዚያ በፊት ስንቱን ሰድቦ ቤቱን ሳያይ አልፏል። አሁን በሰደበው ቁጥር የሰው ቤት በር ላይ ይቆማል፤ በሩ ሲከፈት ውስጡን ያያል። ውስጡን ያየኸውን ሰው እንደገና መስደብ ይከብዳል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ቃሉ ከአፌ ሊወጣ ሲል የጀሪካኑ ክብደት ቀድሞ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል» አለኝ። ሰልፉ ላይ ቆሞ ይጸልይ እንደነበረም ያኔ ነው የነገረኝ። መልካም ጠባይ ከእግዚአብሔር ነው፤ ይህን አልክድም። በቤቴ ሲሰጥ ያየሁት ግን ተሸክሞ እየለመነ ለቆመ ሰው ነው፤ ጥቂት በጥቂት፣ አንዳንዴም እየፈሰሰበት።

ቁጣው እየቀነሰ ሲሄድ ሽንኩርት ሻጯ ተቸገሩ። ጠዋት ሲያልፍ ከደጃቸው ይጠሩታል።

«አካም ቡልቴ! አንተ የናፍጣ ሰው!»

«ደህና አደሩ እማማ?»

«ምን ደህና አለ፣ ውሃዬ አልቋል። ምነው ጠፋህ? እስቲ እኔን ስደበኝ።»

«ዛሬ ስድብ የለኝም እማማ።»

«አይ አንተ! ያ የሚጠገን መኪናህ እኮ ሲያስነጥስ ሰማሁት፤ ሥራ አትችልም ይላሉ። ይሄ አያስቆጣህም?»

ባለቤቴ ይስቃል። ማታ ሲመለስ ጀሪካን ይዞላቸው ይገባል። «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ ልጄ» ይሉታል። ሳይቆጣ ውሃ ማድረስ የጀመረው በእሳቸው ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምናገረው ስለ ወንድሜ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተማሪ ነበር፤ ከእኛ ጋር ይኖራል፤ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ክፍል የእሱ ነበረች። አንድ ጠዋት መጥተው ወሰዱት። የቀበሌው እስር ቤት የአንድ ሀብታም የነበረ ቪላ ነው። እኔ በየቀኑ ስንቅ አደርሳለሁ። ደጁ ላይ የምንሰለፈው ሴቶች የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ስንቅ ሰጥተሽ «ከእንግዲህ አታምጪ» መባልን። ከፊቴ ለቆመች እናት ሲባል ሰምቻለሁ። ምሳ ዕቃዋን አቅፋ እዚያው ተቀመጠች።

የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ድሮ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ጋራዥ የሠራ፣ ቤታችን ስንት ጊዜ እንጀራ የበላ ሰው ነበር። አንድ እሑድ ባለቤቴ ከእኔ ጋር መጣ። ተራችን ሲደርስ ኃላፊው ምሳ ዕቃውን ከእጄ ተቀበለ።

«እስቲ የሴረኛ ምሳ ምን እንደሚመስል እንየው» አለና ሽሮውን በሳንጃ አማሰለው። ከዚያ እያየን መሬት ላይ ገለበጠው። «ዛሬ ይጹም» አለ።

ባለቤቴ ላይ ያ የድሮው ሰው ተነሣ። ለብዙ ጊዜ ስላላየሁት ሞቷል ብዬ ነበር። «አንተ ውለታ ቢስ!» ብሎ ጮኸ። ሌላም አለ። በመጨረሻ የሰውየውን እናት ሰደበ፤ እዚህ የማልጽፈውን ስድብ። ኃላፊው መሣሪያውን አቀባበለ። ሰልፈኛው ተበተነ። አንድ በዕድሜ የገፋ ጥበቃ አፈ ሙዙን ወደ ላይ ይዞ፣ «ተው፣ ተው፣ የሰፈር ሰው ነው!» እያለ ገባ። እኔና ሁለት ሴቶች ባለቤቴን እየጎተትን አወጣነው።

ቤት እንደደረስን ለረጅም ጊዜ እጁን እያየ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ጀሪካኑን ያዘ።

«የት ነው?» አልኩት።

«ተቆጥቻለሁ። እናቱን ሰድቤያለሁ። እናቱ ቤት ነው።»

«አብደሃል? ወንድሜን ያሰረ ሰው እኮ ነው!»

«ቀኖናው ማንን ብሎ አልለየም።»

«ለእንዲህ ያለ ሰው ውሃ?»

«መፍቻ በእጄ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ጭንቅላቱን እመታው ነበር» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እንደምመታው አውቃለሁ። ያንን ሰው ነው የምሸከመው።»

ተከተልኩት። ከእናትየው አጥር ውጭ ቆሜ አየሁ። አሮጊቷ በሩን ከፈቱ። የተፈጠረውን ሰምተዋል።

«በድያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ውሃ አምጥቻለሁ» አላቸው።

እናትየው ጀሪካኑንም እሱንም ተመለከቱ። «ስለ እስረኛው ልትለምን ነው የመጣኸው?» አሉት። ለስለስ ብለው ነው የጠየቁት። «ተናገር እንጂ። ልጄ እኔን ይሰማኛል።»

እኔ አጥሩን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። በልቤ፣ ጠይቅ፣ ጠይቅ፣ ጠይቅ እላለሁ። ባለቤቴ ጀሪካኑን ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። «ይቅር ይበሉኝ» አለ እንደገና። ወደ ኋላው ዞሮ መጣ።

መንገድ ላይ ጮኽኩበት፤ እኔ ነበርኩ በዚያ ቀን የጮኽኩት። «ራሷ ከፈተችልህ እኮ! አንድ ቃል!»

«ጥያቄ ከጫንኩበት ጉቦ ይሆናል» አለኝ። «ነገ ባዶ እጄን ሄጄ እለምናታለሁ። እግሯ ላይ እወድቃለሁ። በዚህ ውሃ ግን አልለምንም።»

በማግስቱ ሥራ አስፈቅዶ ባዶ እጁን ሄደ። እናትየው አልነበሩም። ኃላፊው ነበር፤ ገፍትሮ አስወጣው። ደግሞ ሄደ። ደግሞ አስወጣው። በእሑዱ ዕለት ቢጠይቅ ኖሮ ወንድሜ ይፈታ ነበር ወይ? አላውቅም። ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ከራሴ ጋር ተሸክሜዋለሁ። ያኔ ለባለቤቴ ምግብ እያቀረብኩ ፊቱን ሳላይ እመለስ ነበር። ሰፈሩም ያየውን አየ። «ፈርቶ ነው» አሉ። «ለጥበቃ እናት ውሃ ቀጂ ሆነ» አሉ። እሱ ሁሉንም ይሰማል። መመለስ ይችል ነበር፤ ለምን እንደሄደ ማስረዳት ይችል ነበር። አላስረዳም።

ወንድሜ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሌሎች ጋር ተፈታ። ለምን እንደታሰረ እንዳልተነገረን ሁሉ ለምን እንደተፈታም አልተነገረንም። ጭንቅላቱ ተላጭቷል፤ ጉንጩ ገብቷል። ሁለት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ ሰፈሩ የሚያወራውን ሰምቶ ገባ። ባለቤቴ ምሳ ቀርቦለት ነበር።

«ጋሼ» አለው፤ ቁሞ ነው። «እኔ እዚያ ውስጥ ጉሮሮዬ ሲደርቅ አንተ ለእነሱ ደጅ ውሃ ታመላልስ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

ባለቤቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ጥሩ ነው፣ ቀዝቃዛ ነበር?»

ባለቤቴ ሳህኑን ይዞ ተነሣ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሳህኑ አልተወረወረም፤ ድምፁ ግን ወጣ። «አንተ ምን ታውቃለህ! ስንት ቀን ደጃቸው ላይ እንደወደቅኩ ታውቃለህ? እንደ ውሻ ሲያባርሩኝ...» አለና አፉን ዘጋ። ምክንያት መናገር መጀመሩን ራሱ ሰማው። ሳህኑን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ጀሪካኑን ይዞ ወጣ።

ሲመለስ ላቡ ጀርባውን አርሶታል። ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ አስቀመጠው። «በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ ውሃ አምጥቻለሁ» አለ ለገዛ ሚስቱ ታናሽ ወንድም።

ወንድሜ በእግሩ ገፋው። ጀሪካኑ ወደቀ። የናዝሬት መሬት ውሃ አይጠግብም፤ እያየን ጠጣው። ጎረቤቶች በአጥር ላይ ያያሉ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ባዶውን ጀሪካን አነሣ፣ አቧራውን በእጁ ጠረገ፣ ተመልሶ ወደ ቦኖ ሄደ።

ቅዳሜ ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነበር። ወንድሜ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የረጠበውን መሬት ያይ ነበር። ሁለተኛው ጀሪካን ሲደርስ አልተነሣም። ባለቤቴ ያንኑ ቃል ተናገረ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ክዳኑን ከፈተ፣ በመዳፉ ቀድቶ የተላጨ ጭንቅላቱ ላይ አፈሰሰ። ደጋገመው። ፊቱን ሲያጥብ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ስትሰድበኝ ሞቅ አድርገህ አምጣው» አለ። ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀመጠና ሳቀ፤ እኔም ከወራት በኋላ ፊቱን አየሁት።

ልጃችን የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። እሱ ነፍስ ሲያውቅ ሽንኩርት ሻጯ ሞተዋል፤ ቄሱም አርፈዋል። የአባቱ ቁጣ ከዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ሆኖ ነበር። ውሃ ማድረሱ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። ላረጁት፣ ለታመሙት፣ ለአራሶች ያደርሳል። አዲስ የመጡት ጎረቤቶች ደጉ መካኒክ አሉት። ውሃው ከቁጣ እንደተጀመረ ማንም አልነገራቸውም። እሱ እንዳይናገር ቀኖናው ይከለክለዋል፤ እኔም ዝም አልኩ። እንዲህ እያለ የሠራው ሁሉ አብሮት የተፈጠረ መሰለ።

የአርባው ተዝካር ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጄ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ መጣ። አስቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ባለቤቴ ቢሰማ አይወድልኝም ነበር። ግን ቀኖናው የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም።

«እማዬ፣ እኔን ለማጽናናት ነው?» አለኝ።

«አጎትህን ጠይቀው። ጭንቅላቱን ያጠበበትን ይነግርሃል።»

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ። ከዚያ፣ «እኔ ላይስ ተቆጥቶ ያውቃል?» አለ።

«ያውቃል። ትንሽ ልጅ ሳለህ ሬዲዮኑን ብሎን በብሎን ፈትተህ ጠበቅከው። እንዲያ ሲጮህ ቆመህ ልብስህ ላይ ሸናህ።»

«አላስታውስም።»

«ከዚያ ቦኖ ሄደ። ውሃውን ፀሐይ ላይ አቁሞ አሞቀውና ጓሮ ውስጥ...»

«ገላዬን አጠበኝ» አለ ልጄ። «ቅዳሜ ሳይደርስ፣ በሳምንቱ መሐል። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባ በእጁ ግንባሬን ጋርዶ። ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ እማዬ። ጩኸቱን አላስታውስም፤ ውሃውን ነው የማስታውሰው። ለምን እንዳጠበኝ አላውቅም ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አልከለከልኩትም።

ሲነሣ እንደ ሥራ ሰው ነበር የጠየቀኝ። «ሁሩታ እነሱ ቤት ቧንቧ ገብቷል። ምን ይዤ ልሂድ?»

«እሱን አንተ ታገኘዋለህ። ምክንያት ብቻ ይዘህ እንዳትሄድ።»

ሽማግሌዎቹን ቆዩ አልኳቸው። ከተዝካሩ በኋላ ብቻውን ሄደ። ምን ይዞ እንደሄደ አልነገረኝም። ትናንት ስልክ ደወለ። አማቱ ከበር መልሰውታል። ሚስቱ በመስኮት አይታው መጋረጃውን ዘግታለች። ድምፁ ደክሟል፤ ነገር ግን አልጮኸም።

«አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ።

«አጎትህም የመጀመሪያውን ደፍቶታል» አልኩት።